እናኑ ያዋሰችኝ እንስራ

በእኛ አገር አንድ አባባል አለ። ሰው ሲናገረው እሰማለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔ አውቃለሁ። የአባባሉ እንስራ ስባሪ፣ ገሉ፣ ሠላሳ ዓመት ከአልጋዬ ሥር ነበር።

በሰባ ሰባት ሐምሌ ዝናብ አልመጣም። ነሐሴም አልመጣም። ጣና ከዳሩ ሸሸ፤ መረብ የምጥልበት ቦታ ደርቆ ተሰነጠቀ። ዳር ላይ የቀረውን ውሃ ከብት አደፈረሰው። የሚጠጣ የሚገኘው ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ምንጭ ነበር። ባለቤቴ አራስ ናት፤ እንስራችን አርጅቶ ያፈሳል።

ጎረቤቴ እናኑ ሸክላ ሠሪ ናት። ለገበያ ያሰናዳችውን አዲስ እንስራ አንስታ ሰጠችኝ። "መልሰው" አለች። ወንድ እንስራ አዝሎ ሲሄድ ያየ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም የሚስቁትን ሳይ ድንጋዩን ሳላይ ቀረሁ። እንስራው ተሰበረ።

በሰፈራችን የተዋሱት እንስራ ሲሰበር በገንዘብ አይተካም። ሰባሪው ገሉን ለቅሞ ያስቀምጣል፤ የእንስራው ባለቤት "በቃ" እስክትል ድረስ ባለዕዳ ነው። ሳትል ከሞተ ዕዳው ለልጁ ያልፋል። ዶሮ ወሰድሁላት፤ መለሰችው። በግ ነዳሁ፤ መለሰችው።

"እንስራ የሚይዝ ነገር ነው፣ አያ ፈረደ። አንተም የሚይዝ ነገር አምጣ። ገሉ አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያው ይቀመጥ።"

በየፋሲካው ትጠይቀኛለች። በየፋሲካው "አለ" እላታለሁ።

ሳረጅ መረቡን ትቼ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆንሁ። የሳይንስ መምህሩ አንዷለም አንድ ቀን አኳሪየም የሚሉትን፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን አስመጣ። የሐይቅ ሣር ሊያበቅልበት፣ ቆሮሶ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች ሊያኖርበት ነው። ከዚያ በፊት ሞክሮ አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ አንድ ወር ሰጠው፤ ለጉብኝት እንግዶች ሲመጡ ሣሩ ካልበቀለ ሣጥኑ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

አንዷለም ከሥሩ ነጭ የእምነበረድ ጠጠር አነጠፈ። እንደ ሙሽራ ጥርስ ያበራል። በሳምንቱ ሣሩ ቢጫ ሆነ። ጠጠሩን አውጥቶ ከበግ ጋጣ የዛቀውን አፈር ሞላ። ውሃው ጠላ መሰለ፤ ሁለት ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ።

"ጋሼ ፈረደ፣ ምን ይሻለኛል?"

"ጭቃ የምታውቅ ሴት አለች" አልሁት።

እናኑ ምርኩዟን ይዛ መጣች። ሣጥኑን ዞረችው።

"ይሄ ማሰሮ ነው ወይስ መስኮት?"

"የዓሣ ቤት ነው፣ እማማ።"

"ቤቱንስ አሳምረኸዋል። መሬቱን ነው የረሳኸው።"

ሎሚ አስመጥታ ወጥቶ በተከመረው ነጭ ጠጠር ላይ ጨመቀች። ጠጠሩ አረፋ ደፈቀ።

"ኖራ አለው። አንዲት ፍሬ ጭቃዬ ውስጥ ከገባች እንስራው ከእሳት በወጣ በሦስተኛው ቀን ይፈነዳል። ውሃህንም ያከብድብሃል፤ ሣሩ ቢጫ የሆነው ለዚያ ነው።"

"የጋጣው አፈርስ?"

"እሱ ለጎመን ነው። ዓሣ ፍግ አይተነፍስም፣ ልጄ።"

ከዚያ በጣቷ እየለካች ነገረችው። ከታች ሁለት ጣት የሐይቅ ጭቃ፣ ፍግና ቅጠል የሌለበት። ከላዩ ሦስት ጣት ገል፣ ምስር አክሎ የተወቀጠ፣ አቧራው የታጠበ። ጭቃው ሥሩን ያበላዋል፤ ገሉ ጭቃውን ተጭኖ ይይዘዋል።

"ገልማ እርስዎ ዘንድ አይጠፋም" አላት።

"የአሁኑ ጭቃዬ ኖራ አለበት፤ እየለቀምሁ ነው የምሠራው። ንጹሕ ጭቃ የቆፈርሁት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ሐይቁ ሸሽቶ መሬቱን ባሳየን ጊዜ።" ዞር ብላ አየችኝ። "ገሉ አለ?"

በልቤ አሰላሁ። ተወቅጦ ሣሩ ባይበቅል ገሉም የለኝ፣ ዕዳው ግን ይኖራል። ለልጄ የማወርሰው እሱን ነው።

"አለ" አልሁ።

ራሴ ወቀጥሁት፤ በወንፊት ነፋሁት፤ ውሃው እስኪጠራ አጠብሁት። ከአንገቱ አንዲት ቁራጭ ብቻ ተውሁ፤ እናኑ በጥፍሯ የምትጭረው ጌጥ ነበረባት። እሷን ከመስታወቱ ጥግ ሸጎጥሁ። አንዷለም ሣሩን ተከለ፤ ጭቃው እንዳይነሳ ውሃውን በሳህን ላይ ቀስ አድርጎ አወረደ።

አሥራ አራት ቀን ቀርቶን ነበር። በየጠዋቱ ደወል ሳይደወል ሄጄ አያለሁ። በስድስተኛው ቀን ሁለት ቅጠል ረገፈ፤ አንዷለም ሰላምታ ሳይሰጠኝ አለፈ። በአሥራ አንደኛው ነጭ ሥር በመስታወቱ በኩል ብቅ አለ። እንግዶቹ በመጡ ዕለት ሣሩ ቆሞ ነበር፤ ውሃው ጠርቶ ዓሦቹ በመካከሉ ይሹለከለካሉ።

"የትምህርት ቤታችን ሥራ ነው" አለ ርዕሰ መምህሩ።

"የእማማ እናኑ ዕውቀት፣ የጋሼ ፈረደ ገል ነው" አለ አንዷለም።

እኔ ባርኔጣዬን አቀናሁ።

እናኑ ጎንበስ ብላ ጥጉን አየች። ሥሩ በጥፍሯ የጫረችው ጌጥ ያለባትን ቁራጭ ጥምጥም አድርጎ ይዟታል። ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

"በቃ፣ አያ ፈረደ" አለችኝ፤ ቀና ብላም ለእንግዶቹ፣ "የተሰበረ እንስራ ውሃ ባይዝ ሥር ይይዛል" አለቻቸው።