የአቶ ምንተስኖት የኢንተርኔት ሱቅ

አቶ ምንተስኖት ለሠላሳ ዓመት የፋብሪካቸውን ልብስ ለጅምላ ነጋዴ ብቻ ሲያስረክቡ ኖረው፣ አንድ ቀን በቀጥታ ለለባሹ ልሽጥ ብለው የኢንተርኔት ሱቅ ከፈቱ። በሦስት ወር አንድ ቀሚስ እንኳ አልተሸጠም። ተናደዱና ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ «ስሜን የማያውቅ የለም። ታዲያ ለምን አይገዙኝም?» ሲሉ ጠየቁ።

 አንዲት የልብስ ቁልፍ የምትተክል ሠራተኛ ሳቅ አመለጣት።

«ያሳቀሽን ተናገሪ፤ አለዚያ ነገ እንዳትመጪ» አሏት።

ልጆቿ ትዝ አሏትና ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ጎረቤቴ ‹ለነፍሰ ጡር የሚሆን ቀሚስ አላችሁ?› ብላ ጽፋ ነበር። የሽያጭ ክፍልዎ ‹አለን፤ ከመቶ ፍሬ በታች ግን አንሸጥም› ብሎ መለሰላት። እሷም አልተቀየመችም። መቶ ጊዜ እስካረግዝ ጠብቁኝ ብላለች።»