አያ አህያ ሠርግ የተጠራ ዕለት

ተረት ላወራላችሁ ነው፤ «ይምጣ!» በሉኝ።

አንዲት ድመት ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት ፊቷን በመዳፏ ትታጠብ ነበር። ጎረቤቷ አያ አህያ አመድ ላይ እየተንከባለለ ይስቅባታል።

«አንቺ፣ ማን ሊያይሽ ነው እንዲህ የምትፈተጊው?»

«እኔው ራሴን አያለሁ» አለችው።

«ወይ ጉድ! እኔ ግን ሠርግ ስጠራ አንዴ ወንዝ ወርጄ ሙልጭ አድርጌ እታጠባለሁ።»

ሚዳቋ ልጇን ስትድር ሁለቱንም ጠራቻቸው። አያ አህያም እንዳለው ወንዝ ወርዶ ታጠበ። ጸጉሩ አብረቀረቀ፤ ውሃው ውስጥ መልኩን አይቶ አንገቱን ቀና አደረገ። ሲመለስ ግን መንገድ ዳር የአመድ ክምር አገኘ። «እስክደርቅ ብቻ» ብሎ ጋደም አለ። ከዚያማ የሚያውቀውን አደረገ፤ ተንከባለለ።

ሠርጉ ቤት በር ላይ ውሻ ቆሟል። ድመቷን «እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ፣ ወደ ላይ ይለፉ» አላት። አያ አህያን ሲያይ ግን «አንተ፣ የተጫንከውን የሠርግ እንጨት የት ጥለኸው መጣህ? ለማንኛውም በጓሮ በኩል ግባ!» ብሎ ጮኸበት።

አያ አህያ «እኔኮ የተጠራሁ እንግዳ ነኝ!» ሊል አፉን ከፈተ። እግሩ ግን ቀድሞት ወደ ጓሮው ዞሯል።

ተረቴ አለቀ፤ የሳቃችሁ አመዳችሁን እያራገፋችሁ ተነሱ።