ሦስት ካሜራና ሁለት ጉልበት

ኑ፣ ተጠጉ፤ ተረቴ ሰርግ ቤት ነው፣ በሩም አልተዘጋም። ቁጭ በሉ ብያለሁ። ቆመው የሚሰሙት ተረት እግር አውጥቶ ይሄዳል።

ሐይቅ ዳር፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዳስ ተጥሎ ነበር። እዚያ ዘርትሁን የምትባል እናት ነበረች፤ ባሏ ልጆቹ ገና ሳይጠነክሩ አርፎባት ብቻዋን ያሳደገቻቸው ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ታላቋ እናኑ ናት፣ ታናሿ ትርንጎ። የዚያን ቀን ሙሽራዋ ትርንጎ ነበረች።

እናኑ ደግሞ ሰርግ እየቀረፀች ነው የምትኖረው። የስንቱን ሰርግ ቀርፃለች፤ በአንዱም ምስል ውስጥ ግን የለችም። ለእህቷ ሰርግ ሦስት ካሜራ ይዛ ብቻዋን መጣች። አንዷን ካሜራ በሩ ላይ አቆመች፣ አንዷን ዳሱ ሥር አቆመች፣ አንዷን ከጠዋት ጀምሮ ከዓይኗ ላይ አላወረደቻትም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሰው አፍ አለው። "ታላቋ ቁጭ ብላ ታናሿ ተዳረች" ይላል፣ በእጁ ጥብስ ይዞ። እናኑ ይህን በሰማች ቁጥር ካሜራዋን ወደ ዓይኗ ጠበቅ ታደርጋለች።

የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። ትርንጎ የእናቷን ጉልበት ስትስም መቅረፅ፣ በቃ። ሙሽራው የጅማ ልጅ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ጅማ ሩቅ ነው፤ ጉልበት ተስሞ ሲያበቃ መኪናው ይነሳል። ያቺ ምስል ካመለጠች ለእናቷ ምን ይቀርላታል?

ቀኑ ከእንቅልፉ በደንብ ያልነቃ ቀን ነበር። ውሃው ዝም ብሏል፣ ዛፉ ዝም ብሏል፣ ሰርገኛውም በህልሙ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። እናት ዳሱ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ትርንጎ ፊቷ ተንበረከከች።

እናኑም ካሜራዋን፣ "እዪልኝ" አለቻት።

"አላይም" አለች ካሜራዋ። "ዣንጥላው ፊቴ ቆሟል።" የበሯ ካሜራም የዳሷም እንደዚያው አሉ።

ደግሞ "ካሜራ ይናገራል ወይ?" እንዳትሉኝ። በሰርግ ቀን የማይናገር ማን አለ?

እናኑ ወደ ዣንጥላው ሄደች፣ ሽማግሌዎቹ ላይ ወደተዘረጋው ባለ ዘርፍ ቀይ ዣንጥላ። "ዣንጥላ፣ ታጠፍልኝ።"

"አልታጠፍም። ፀሐይ ሽማግሌዎቹን ታቃጥላለች።"

ዣንጥላው አይታጠፍ፣ ካሜራዋ አታይ፣ እናኑም አትቀርፅ። ወደ ፀሐይ ቀና አለች። "እሜቴ ፀሐይ፣ ጥቂት ብረጂልኝ።"

"አልበርድም። ደመና ካልሸፈነኝ እኔ በራሴ መብረድ አላውቅበትም።"

ፀሐይዋ አትበርድ፣ ዣንጥላው አይታጠፍ፣ ካሜራዋ አታይ፣ እናኑም አትቀርፅ። ደመናው ከሐይቁ ማዶ ተኝቶ ውሃው ውስጥ መልኩን ያያል። "ደመና፣ ና ፀሐይን ሸፍናት።"

"አልመጣም። ነፋስ ካልገፋኝ እኔ እግር የለኝ።"

ደመናው አይመጣ፣ ፀሐይዋ አትበርድ፣ ዣንጥላው አይታጠፍ፣ ካሜራዋ አታይ፣ እናኑም አትቀርፅ። ነፋሱ ውሃው ዳር ቄጠማው ውስጥ እንቅልፉን ይለጥጣል። "ነፋስ፣ ተነስና ደመናውን ግፋው።"

"አልነሳም" አለ ነፋሱ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ። "ከበሮ ካልቀሰቀሰኝ ነገም እዚሁ ነኝ።"

ነፋሱ አይነሳ፣ ደመናው አይመጣ፣ ፀሐይዋ አትበርድ፣ ዣንጥላው አይታጠፍ፣ ካሜራዋ አታይ፣ እናኑም አትቀርፅ። ከበሮው አክስቷ ጭን ላይ ተቀምጧል። "ከበሮ፣ ድምፅህን አሰማና ነፋሱን ቀስቅሰው።"

"አላሰማም። እልልታ ካልቀደመኝ አፌን አልከፍትም። እናት እልል ሳትል የሚመታ ከበሮ ምኑ ከበሮ ነው?"

ከበሮው አይመታ፣ ነፋሱ አይነሳ፣ ደመናው አይመጣ፣ ፀሐይዋ አትበርድ፣ ዣንጥላው አይታጠፍ፣ ካሜራዋ አታይ፣ እናኑም አትቀርፅ። እልልታውን ፈለገችው። ዘፋኞቹ ዘንድ የለም፣ ጓዳ የለም። ለካ እናቷ ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጧል። "እልልታ፣ እባክህ ውጣ።"

"አልወጣም" አለ እልልታው ከዚያው ከውስጥ ሆኖ። "ባለቤቴ አለቀቀችኝም።"

በዚህ መሀል ሚዜዎቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። እናኑ ካሜራዋን ከዓይኗ ሳታወርድ ወደ እናቷ ቀረበች።

"እማዬ፣ እልል በይ እንጂ።"

"አልልም" አለች ዘርትሁን።

"ምነው እማዬ? አንቺ እልል ካላልሽ እልልታው አይወጣ፣ ከበሮው አይመታ፣ ነፋሱ አይነሳ፣ ደመናው አይመጣ፣ ፀሐይዋ አትበርድ፣ ዣንጥላው አይታጠፍ፣ ካሜራዋ አታይ፣ እኔም አልቀርፅ። መኪናው ሊሄድ ነው።"

"ጉልበቴ ስንት ነው?"

"ሁለት ነዋ።"

"ልጆቼስ?"

እናኑ ካሜራዋን ወደ ዓይኗ ጠበቅ አደረገች።

"ሁለቱንም ጉልበት ለአንዷ አልሰጥም" አለች እናት። "እኔ የማላውቅሽ መሰለሽ? ሦስት ካሜራ ያመጣሽው ልትቀርጪ ብቻ አይደለም፣ ከኋላቸው ልትደበቂ ነው። ሰው የሚለውን እኔም ሰምቻለሁ። ይበል። የምትሄደውንም የምትቀረውንም እኔው ነኝ የወለድኳቸው፤ ዛሬ ሁለታችሁንም እመርቃለሁ። አንቺ ካልመጣሽ እልልታዬ ግማሽ ነው፤ ግማሽ እልልታ ደግሞ ለቅሶ ይሆንብኛል።"

"እማዬ፣ ካሜራዎቹን ማን ይይዛቸዋል?"

"እግር አላቸው አይደል? ይቁሙ።"

"ይቺ የእጄ እግር የላትም።"

"እንግዲያው ትቀመጥ።"

ትርንጎ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ፣ "ነይ እንጂ እቴ፣ እየጠበቅኩሽ እኮ ነው፤ ጉልበቴን አመመኝ" አለቻት። እና ወደ ግራ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

እናኑ ካሜራዋን ከዓይኗ አወረደች። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ያየ አልነበረም፤ ዓይኗ ዙሪያ የካሜራው ክብ ምልክት ወጥቶባታል፣ ምልክቱም ርሷል። ካሜራዋን የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደሰው ሁሉ፣ ከእህቷ ጎን ተንበረከከች። ትርንጎ አንዱን ጉልበት ሳመች፣ እናኑ አንዱን ሳመች። እናት አንድ እጇን እዚህ ራስ ላይ፣ አንድ እጇን እዚያ ራስ ላይ አድርጋ፣ "እደጉ፣ ተመንደጉ፣ እርስ በርስ አትጣጡ" አለች። ሙሽራው ተራውን እየጠበቀ በነጭ ካባው እጅጌ ዓይኑን ጠረገ።

ያኔ እልልታው ወጣ። እልልታው ቢወጣ ከበሮው ተመታ፣ ከበሮው ቢመታ ነፋሱ ተነሳ፣ ነፋሱ ቢነሳ ደመናው ሐይቁን ተሻግሮ መጣ፣ ደመናው ቢመጣ ፀሐይዋ በረደች፣ ፀሐይዋ ብትበርድ ዣንጥላው ታጠፈ፣ ዣንጥላው ቢታጠፍ ካሜራዋ አየች፤ የበሯም አየች፣ የዳሷም አየች፣ የሳጥኗም አየች። እናኑ ግን አልቀረፀችም። እናኑ ተቀረፀች።

የሰው አፍስ ተዘጋ ወይ ትሉኛላችሁ። አልተዘጋም፤ ጥብሱ እስኪያልቅ ሲያወራ ነው የዋለው። ካሜራዎቹ ግን ፊታቸውን ወደዚያ አላዞሩም።

ትርንጎ ጅማ ገባች። ዘርትሁን ደግሞ አመሻሽ ላይ እናኑን አጠገቧ አስቀምጣ፣ "እስቲ ያቺን የሳጥኗን ክፈቺልኝ" ትላለች። ምስሉ ትንሽ ዘሟል፤ ከሁለት ጉልበትና ከሁለት ራስ በቀር ብዙም አይታይም። ባየችው ቁጥር ሁለት እጆቿን ሁለት ጉልበቶቿ ላይ ታስቀምጣለች።

ተረቴ እዚህ አረፈ። ምርቃቱን ተካፈሉት፣ ለስላሳዋን ግን ለእኔ ተዉልኝ፤ ስለፈልፍ ጉሮሮዬ ደረቀ።