ለጷጉሜን የተቀጠረችው ላም

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ያለችው አንዲት ላም ናት። ልጆቹ የሚጠጡት የእሷን ወተት ስለሆነ፣ ጎረቤት መንደር የከብት በሽታ ሲገባ ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጠ። ሐኪሙ የክትባቱን ቀጠሮ በወረቀት ጻፈለት። ገበሬው ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቱን ለመንደሩ ጸሐፊ ሰጠው። ጸሐፊውም በመዝገብ አስፍሮ ቀኑን ነገረው።

የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ቀኑን አስቀድሞ ወሩን ያስከትላል። ጸሐፊው ደግሞ ወር ማስቀደም ነው የለመደው። አንዱ የሌላውን ልማድ አያውቅም። የመጀመሪያው ቀጠሮ 3/3 ነበር፤ ከየትም ብትጀምሪው ኅዳር ሦስት ነው! ላሚቱ በቀኗ ተወጋች፤ ሁሉም ተማመነ።

ለሁለተኛው መርፌ ሐኪሙ 13/4 ብሎ ጻፈ፤ ታኅሣሥ አሥራ ሦስት ማለቱ ነው። ጸሐፊው ግን «ጷጉሜን አራት» ብሎ አነበበ። ሌላ አገር ቢሆን አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ ይነቃ ነበር። እኛ ዘንድ አለ።

የገበሬው ሚስት ስትሰማ ሳቀች።

«እስከ ጷጉሜን? እስከዚያማ አርግዛ ትወልዳለች እኮ!»

«የተማረ ሰው ነው ያነበበልኝ፤ አንቺ ደግሞ!»

«እንግዲያው የጻፈውን ሰው ልጠይቀዋ!» ብላ ወረቀቱን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች።

ሐኪሙ ደነገጠ። «እናቴ፣ ቀጠሮው እኮ ነገ ነው!»

ላሚቱ በማግስቱ ተወጋች። ጸሐፊው አፍሮ «የመዝገቡን ቀንና ወር በሙሉ እገለብጠዋለሁ» ቢል፣ ሴትየዋ «ወር አስቀድመው የጻፉልህ ሰዎችስ? የእነሱም ይገልበጥ?» አለችው። ያኔ ሐኪሙ 13/4 የሚለውን ሰርዞ «ታኅሣሥ 13» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የወር ስም የሌለው ወረቀት አልሰጠም።

አያልነሽ፣ የጤና ጣቢያው የቀጠሮ ፕሮግራምሽ የአንዷን እናት ቀን በትክክል ይዞ የሌላዋን ለምን እንደሚያዛባ ጠይቀሽኝ ነበር። አፕሊኬሽንሽ ሐኪሙ ነው፤ ዳታቤዝሽ ጸሐፊው። ሁሉንም ልገልብጥ ያልሽውን ተዪው፤ ደህናውንም ታበላሺዋለሽ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለሽ አንድ ቅደም ተከተል ወስኚና ሁለቱም በእሱ ብቻ ይቀባበሉ። ለሰው ስታሳዪ እንደ አገሩ ልማድ ጻፊው። የተመዘገበውን ደግሞ ከየት እንደመጣ እያየሽ አንድ በአንድ አስተካክዪ።

ኮዱን ከመንካትሽ በፊት ግን ስልኩን አንሺና ለእናቶቹ ደውዪ። የልጇ ክትባት ነገ የሆነ እናት ትኖር ይሆናል።