ነጩ ወፍ ጎጆው ላይ ምን ይሠራል?

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ለዕረፍት ሐዋሳ ወረዱ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና የወፎች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ገዝታ ሰጥታቸዋለች። በዕድሜያቸው ከዶሮና ከአሞራ ሌላ ወፍ ልብ ብለው አይተው አያውቁም። ግን መምህር ናቸው። መምህር ደግሞ "አላውቅም" ማለት ይከብደዋል። ምን ያስቃችኋል? እኛ ሰባኪዎችም ያው ነን።

ዱካሞ የሚባል አስጎብኚ ቀጠሩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በሐይቁ ዳር ለእንግዳ ወፍ ሲያሳይ የኖረ ሰው። ዱካሞ አንዲት ወፍ ሽው ስትል ያይና "ቆይ ጋሼ፣ በደንብ ልያት" ይላል። መምህሩ ግን መጽሐፉን ገልጠው፣ ስሟን አግኝተው፣ ማስታወሻቸው ላይ ጽፈው ጨርሰዋል! ሳይረፍድ ሃምሳ ሁለት ዓይነት ወፍ መዘገቡ።

ዱካሞ ማስታወሻውን አየት አደረገና፣ "ጋሼ፣ ይቺኛዋ እኮ ከማዳጋስካር ወጥታ አታውቅም ይላል መጽሐፉ" አለ።

"እኛስ ለዕረፍት መጥተን የለ?" አሉ መምህሩ።

ከዚያ አንድ ዛፍ ሥር ደረሱ። ዝቅ ያለች ቅርንጫፍ ላይ ሲኒ የምታህል ጎጆ አለች። አንዲት ጭራዋ አጭር፣ ቡናማ ወፍ እንቁላል ታቅፋለች። መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አይዞሽ እናቴ" አሏት። ጥቂት ቆይታ ብር ብላ ሄደች። ወዲያው አንድ ነጭ ወፍ፣ ጭራው ከራሱ ቁመት የሚረዝም፣ መጥቶ ጎጆው ጠርዝ ላይ አረፈ።

"ሌባ!" ብለው ጮኹ መምህሩ። "እንቁላሉን ሊበላው ነው!" ባርኔጣቸውን አውልቀው ወረወሩ። ባርኔጣው ዱካሞ ፊት ላይ አረፈ። ወፉ ግን ደንግጦ ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጣ። እንቁላሎቹ ብቻቸውን ቀሩ። መምህሩ ድንጋይ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ዱካሞ እጃቸውን ያዘ።

"ኧረ ጋሼ! አባትየው ነው!"

"የማን አባት?"

"የእንቁላሎቹ ነዋ! እሷ ልትበላ ስትሄድ እሱ ይታቀፋል። ተራው ደርሶ ነው የመጣው።"

"እሷ ቡናማ፣ እሱ ነጭ? እሷ አጭር፣ እሱ ይሄን ሁሉ ጭራ እየጎተተ?"

"አንድ ዘር ናቸው ጋሼ። ወንዱ አንዳንዱ ነጭ ነው፣ አንዳንዱ እንደሷ ቡናማ፣ ጭራው ብቻ ረጅም።"

መምህሩ ማስታወሻቸውን ገለጡ። ከጠዋት ጀምሮ ካዩዋቸው ውስጥ ቡናማዋን አጭር ጭራ ለብቻ፣ ቡናማውን ረጅም ጭራ ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ ጽፈዋል። አንድን ቤተሰብ ሦስት ቦታ በትነውታል!

ሁለቱም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አምስት ደቂቃ ጠበቁ። አሥር ደቂቃ። ወፉ አልወረደም። መምህሩ አሁን መጽሐፉን አልገለጡም። "ተመለስ አባቴ፣ ተሳስቼ ነው፤ እንቁላሉ ይበርዳል" ይሉ ነበር እየደጋገሙ። በስንት ልመና ነጩ ወፍ ወረደ። ጭራውን ከጎጆው ውጭ አንጠልጥሎ እንቁላሎቹ ላይ ተቀመጠ። ትልቁ ሰውዬ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

ወገኖቼ፣ እኚህ መምህር ክፉ ሰው ነበሩ? አልነበሩም። ድንጋይ ሊያነሡ የጎነበሱት ለእንቁላሉ አዝነው ነው። የሚያስፈራው ይሄ ነው! እኛስ ድንጋይ ስናነሣ ለቤታችን፣ ለቤተ ክርስቲያናችን አዝነን አይደል?

ምራታችሁን ከመኪና ስትወርድ አይታችሁ፣ ደጅ ሳትደርስ "ኩሩ ናት" አላላችሁም? ፀጉሩን አሳድጎ በኋላኛው በር ወደዚህ የገባውን ወጣት በዓይናችሁ ገርፋችሁ አላስወጣችሁትም? ምን ፈልጎ እንደመጣ ማን ጠየቀው? ሃያ ዓመት ያየው ሰው "ቆይ፣ በደንብ ልያት" ሲል፣ እኛ በምን ዕውቀታችን ነው የምንቸኩለው? እግዚአብሔር እናንተን ስንት ዓመት ታግሦ አየ?

አሁን ከዚህ ስትወጡ በሩ ላይ አንድ የማታውቁት ሰው ቆሞ ታገኛላችሁ። እባካችሁ፣ ስም አታውጡለት። ስሙን ጠይቁት።