ተራራዋና አንድ ዓይኗ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ልትሉኝ ነው አይደል? ዛሬ በረቱን ዝጉና ጆሯችሁን ክፈቱ። አንቺ፣ ማዛጋትሽን ተዪና ጠጋ በይ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ አንዲት ተራራ ነበረች። የአገሩ ሰው ሲያከብራት «እሜቴ» ይላታል። እግሯ ሥር ቢያድግልኝ የሚባል ሰዓሊ ይኖር ነበር። ቀዩን ቀለም ከአፈሯ፣ አረንጓዴውን ከቅጠሏ፣ ጥቁሩን ከከሰሏ እየወሰደ ነው ሥዕል የተማረው። ጠዋት ሲነሣ «እሜቴ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል። እሷም «እግዜር ይመስገን፤ አንተስ ልጄ?» ትላለች።

አንድ ቀን ከቆላ፣ ከሐይቁ ዳር፣ መልእክት መጣ። የአዲስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሣል አሉት። «ሳልጨርስ አልመለስም» ብሎ ምሎ ወረደ። ግድግዳው ደግሞ ምኑ ያልቃል? ዓመት ዓመትን ወለደ።

ተራራዋ ናፈቀች። «ማን አይቶልኝ ይምጣ?» አለች።

ጭላዳን ጠየቀችው። «እኔ? ይሄን ሁሉ ጠጉር ለብሼ ቆላ ልውረድ?» አለ።

ጅረትን ጠየቀችው። «ኧረ እሜቴ፣ እኔ ወርጄ ስመለስ አይተው ያውቃሉ?» አለ።

ቁራን ጠየቀችው። «እኔ እያለሁ!» ብሎ በረረ።

ቁራ ሄዶ የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ላይ ዐረፈ። ውስጡን አየና «ጉድ!» አለ። መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ነው የሚሣለው። ሰይጣንና ከሐዲ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። እሜቴ ደግሞ ከቅዱሳኑ ኋላ ተሥላለች፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን! ቁራ ምን ቸገረው፤ ሰዓሊውን «ለምን?» እንኳ ሳይለው እየጮኸ ተመለሰ።

«እሜቴ፣ ጉድዎን ይስሙ! ከሰይጣን ቆጥሮዎታል!»

አንጀቷ አረረ። «እኔ ያሳደግኩት ልጅ!» አለች። ጉሙን ጠርታ «ሸፍነኝ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ፊቷን ያየ የለም።

ቢያድግልኝ ሥራውን ጨረሰ። በዚያ ጨለማ ቤት ሲሥል ኖሮ ዓይኑ ደክሟል። በትሩን ይዞ፣ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። ቀና ቢል ጉም ነው። ቁጭ አለ።

«እሜቴ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ ልይዎት» አለ። ዝም።

ክረምት ገባ። «እሜቴ፣ ምን በደልኩ?» አለ። ዝም።

ክረምት ወጣ። ሰዎች «ኧረ ቤት ግባ!» ቢሉት «ስገባ ብትገለጥስ?» ይላል። «እሜቴ፣ ናፍቀውኝ ነው የመጣሁት» አለ። አሁንም ዝም። አይ ኩርፊያ!

በመጨረሻ እሷም አላስቻላትም። መቀነቱ ውስጥ የተሻጠውን ብሩሽ ጠራችው። ብሩሹ ከገዛ ፍየሏ ጢም የተሠራ የቤት ልጅ ነው።

«እውነቱን ንገረኝ። ለምን በአንድ ዓይን ሣለኝ?»

«ይሄ ዛሬ ይጠየቃል?» አለ ብሩሽ። «መጀመሪያ በሁለት ዓይን ነበር የሣለዎት። ቀና ብሎ ባየዎት ቁጥር እንባው ቀለሙ ውስጥ ይንጠባጠባል። ‹በሁለት ዓይኗ ካየችኝ መሐላዬን አፍርሼ እሄዳለሁ› አለና ፊትዎን አዞረው። እያለቀሰ ነው ያዞረው።»

«ወየው!» አለች ተራራዋ። «ጉም፣ ተነሣ! አሁኑኑ ተነሣልኝ!»

ጉሙ ተገፈፈ። ገደሉ፣ የጅብራው ተክል፣ አናቷ ላይ ያለው አመዳይ ሁሉ በፀሐይ አበራ። የአገሩ ሰው እልል አለ፤ ጭላዳው ዘለለ።

ቢያድግልኝ ብድግ አለ። ወዲህ ዞረ፣ ወዲያ ዞረ። ዓይኖቹ ተከፍተዋል።

«እናንተ ሰዎች፣ ምን አግኝታችሁ ነው እልል የምትሉት?» አለ። «ጉሙ እንደሆነ አልተነሣ።»

የአገሩ ሰው እልልታውን አቋረጠ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መቀየም መቼም አይቀርም። ግን ልብ በሉ፤ ጠይቆ የተቀየመ ይታረቃል፣ ተቀይሞ የሰነበተ ሲጠይቅ ይመሽበታል።