ሰኞ ትምጣ

በአቶ መንበሩ የተማሪ ዩኒፎርም መስፊያ ቤት የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ቋሚ የሆነ ሠራተኛ አልነበረም። ስልሳኛው ቀን ሲደርስ «ለሥራው ብቁ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ያስፈርሙና፣ በሳምንቱ ያንኑ ሰው እንደ አዲስ ለሙከራ ይቀጥሩታል።

ስንዱ የምትባለው ልብስ ሰፊ ተራዋ ደርሶ ቢሮ ተጠራች። ልጅ የምታሳድግ ናትና እንጀራዋን ማጣት አትፈልግም፤ መታለሉም አልዋጥልሽ ብሏታል።

«ፈርሚ» አሏት አቶ መንበሩ፣ ደብዳቤውን ከጸሐፊያቸው ተቀብለው እየሰጧት። «ሥራውን አልቻልሽውም። ሰኞ መጥተሽ በሙከራ ትጀምሪያለሽ።»

«የትኛውን ሥራ፣ ጋሼ?»

«ይኼንኑ ነዋ።»

ስንዱ ደብዳቤውን ረጋ ብላ አነበበችና እስክሪብቶ አነሳች።

«እፈርማለሁ። ብቻ የነገሩኝ በሙሉ ይጻፍልኝ። ‹ሥራውን ስላልቻለች ተሰናብታለች፤ ስለዚህ ያንኑ ሥራ እንድትሠራ ሰኞ ትምጣ› ይበልልኝ። ግልባጩም ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ይሁን።»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች። አቶ መንበሩ የተጻፈውን በልባቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «የቋሚ ቅጥር ደብዳቤ ጻፊላት» አሉ።